በተራ የሚጠበቅ ጎጆ



ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ነን-ካፌ ስለሆንን ምግባችንን በተራ እናበስላለን። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በተራ እንቀዳለን፤ ለሱብሒ ሰላትም አንዱ ሌላውን በተራ ይቀሰቅሳል። ስለ ውጭ ኑሮ ጻፉ ስንባል በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር። ነገር ግን ዘንድሮ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር ድረስ ከሁሉ ይበልጥ ሐሳባችንን የያዘው ነገር ከመስኮታችን ፊት ለፊት ባለው ወይራ ላይ ነበር። ጥንድ ዋኖሶች ጎጆ ሲሠሩ፣ እንቁላል ጥለው ሲታቀፉ፣ ልጅ ሲያሳድጉ እስከ መጨረሻው አየናቸው። ስለዚህ የምንጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ ስለ እነሱ ስንጽፍ ግን ስለ ራሳችንም መጻፋችን አይቀርም።

የምንኖረው አዲስ ዓለም ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ሰፈሩ ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ከቤተ መንግሥቱ ዝቅ ብሎ የነበረው ያ ሰፈር ለረጅም ዘመን እስላም ቤት ሲባል ኖሮ ነው ዛሬ አዲስ ዓለም የተባለው። ነጋዴውና ሸማኔው ተጠጋግቶ የኖረበት ሰፈር ስለሆነ ግቢዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከሌላው አጥር ጋር ይነካካል። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ትልቅ ዛፍ ያለው ግቢ ማግኘት የአላህ ስጦታ ነው።

የግቢው ባለቤት 70 ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ እኛም ሰፈሩም እማማ እንላቸዋለን። ወይራውን የተከሉት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ወይራ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ ጣሪያ አይደርስም። የተከለው ሰው ራሱ በጥላው ሥር ብዙ ላይቀመጥ ይችላል። እማማ ከዛፉ ቀንበጥ እየቆረጡ የወተት ቅላቸውን ያጥኑበታል፤ እኛም መፋቂያ የምንቆርጠው ከዚያው ነው። የእኛ አገር ወይራ በቁርኣን ውስጥ የተጠቀሰው የዘይቱን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚመድቧቸው በአንድ ዝርያ ሥር ነው። የእኛው ፍሬ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነች ለዘይት ሳይሆን ለወፍ ነው የምትተርፈው። አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ውስጥ አለ። እማማ ይህን ሐዲስ ያውቁታል። ዛፉን ሲያጠጡ ስለ ውሃው መጠን ስናጉረመርም "የሰውዬው ሒሳብ ነው፤ እኔ ልዘጋበት?" ይሉናል።

ይሁን እንጂ እማማ የሚተዳደሩት በኪራይ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ሁለት ሰርቪስ ቤት ጨምረው እንዲያከራዩ ገንዘብ ላከላቸው። ቤቶቹ የሚያርፉት በወይራው በኩል ነው። ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ትልቁ ቅርንጫፍ ካልተቆረጠ ግድግዳ ማቆምም ሆነ ቆርቆሮ መምታት አይቻልም። አናጢው ለጥቅምት 20 ተቀጥሮ ቀብዱን ተቀብሏል፤ አጣናውና ቆርቆሮውም ግቢው ውስጥ ተቆልሏል። ዋኖሶቹ ከዛፉ ሁሉ መርጠው ጎጆ የጀመሩት በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ዋኖስ በጎንደር ብርቅ አይደለችም። ጠዋት ጠዋት ከየጣሪያው የምንሰማው ያ ወፈር ሻከር ያለ እንጉርጉሮ የእሷ ነው። በዚህ ደጋ በብዛት የምትታየው ዓይነት ጠቆር ያለች አመድማ ስትሆን፣ አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት፣ ክንፏ ላይ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቀይ ጠርዝ አላት። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። የእኛዎቹን ለመለየት የቻልነው አንዱ ከጅራቱ አንድ ላባ ስለጎደለው ነው። ጭራሮ የሚያመላልሰው ሁልጊዜ ይሄ ላባ የጎደለው ነበር፤ ሌላዋ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ እየተቀበለች ትደረድራለች። በዋኖስና በእርግብ ወገን ዕቃ የሚያቀርበው ወንዱ፣ የምትሠራው ሴቷ ስለሆነች ማንነታቸውን በዚህ አወቅን።

የባዮሎጂ ተማሪ የሆነው ወንድማችን አንድ ደብተር ከፈተ። ጥቅምት 3 ቀን በአንድ ጠዋት ብቻ ወንዱ 31 ጊዜ ሲመላለስ ቆጥሯል። በእያንዳንዱ ጉዞ የሚያመጣው አንድ ጭራሮ ብቻ ነው። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ሥር ይነቅላል፤ ከእማማ መጥረጊያ ሰበዝ ይመዝዛል። አንዳንዴ ያመጣት ጭራሮ ከአፉ ትወድቃለች። የወደቀችውን ለማንሳት አይመለስም፤ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ሥራው አለቀ ተባለ። እኛ ግን ያለቀ አልመሰለንም። ከሥሩ ቆመን ቀና ስንል ሰማዩ በጭራሮው መካከል ይታየናል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በዚያው ክፍተት ነጭ እንቁላል ታየን፤ ከዚያ ሁለተኛው ተጨመረ። የእኛ ምሕንድስና ተማሪ አንገቱን ነቅንቆ "ይሄ ቤት ርክክብ አያልፍም" አለ።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ጥያቄው ትክክል ነበር። የዋኖስ ጎጆ ከወፍ ጎጆዎች ሁሉ ስስ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሌሎች ወፎች ሣር ጠልፈው ሲሸምኑ፣ ጨረባ ጭቃ ሲለስኑ አይተናል። ዋኖስ ግን ጥቂት እንጨት አነባብራ ትተወዋለች። ታዲያ ይህ ጎጆ በደጋ ነፋስና ብርድ ሁለት እንቁላል እንዴት ይይዛል? መልሱን ያገኘነው ጎጆውን በማየት ሳይሆን ሰዓት በመያዝ ነው።

ደብተሩ እንደሚለው ሴቷ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሰላት ጥቂት ቆይታ ትገባለች፤ ሌሊቱን በሙሉ ታቅፋ ታድራለች። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወንዱ ይመጣል። ቅርንጫፉ ላይ ያርፍና ጥቂት ያንጎራጉራል። ሴቷ ቀስ ብላ ትነሳለች፤ እሱ በጎን ይገባል። እንቁላሎቹ ያለ ታቃፊ የሚቆዩት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወንዱ እስከ ዐስር ድረስ ይቀመጣል፤ እሷ ሄዳ ትለቅማለች፣ ትጠጣለች። ይህ የቀንና የሌሊት ክፍፍል በዋኖስና በእርግብ ዘመዶች ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በተመለከትንበት ሰዓት ሁሉ ጎጆው ባዶውን ሆኖ አላየነውም። ጎጆው ስስ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሰው አለበት። ሰው ማለታችን ልማድ ሆኖብን ነው፤ እማማም "ዛሬ ባልየው ዘገየ" እያሉ ነው የሚያወሩት።

በዚህ መሐል ከእኛ አንዱ ሌላ ነገር ይዞት ነበር። ታሪኩን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል። የደባርቅ ልጅ ነው። አባቱ ከመስከረም ጀምሮ ታመው አልጋ ይዘዋል፤ እሱ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው። የገብሱ አጨዳ ደርሷል፤ ታናናሾቹ ገና ናቸው። ደባርቅ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ቅርብ ነው፤ በተዘጋበት ቀን ግን ስልክ ብቻ ይቀራል። አንድ ማታ የዊዝድሮው ፎርም ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ትምህርት ይጠብቃል፤ አባት አይጠብቅም" አለን። እውነቱን ስለነበር ማናችንም የምንመልሰው አልነበረንም። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በዚህ ጀመዓ ውስጥ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በየሴሚስተሩ አልጋው ባዶ የሚሆን፣ ከዚያ በኋላ ስሙ የማይነሳ ስንት ወንድም አለ!

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ መስኮቱ ላይ ቆመን ሴቷን እያየን ሳለ እሱ ስለ አገሩ አሞራ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገደሎች ላይ የሚኖር ትልቅ አሞራ አለ። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ዓለት ላይ ይጥለዋል፤ ሲሰበር መቅኑን ይበላል። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ የአጥንቱን መሰበር ድምፅ ከሩቅ ይሰማ እንደነበር ነገረን። የባዮሎጂው ወንድማችን ስለዚህ አሞራ አንብቦ ኖሮ፣ ባልና ሚስቱ እየተፈራረቁ የሚታቀፉት ለ55 ቀን ገደማ እንደሆነ ጨመረ። የደባርቁ ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ "አንዱ ብቻውን ቢሆን ወይ እንቁላሉ ይበርዳል ወይ እሱ በረሃብ ይሞታል" አለ። ስለ ፎርሙ ያን ጠዋት አላነሳንም። ግን እሱም እኛም ስለ ምን እንደምናወራ ገብቶን ነበር።

ጥቅምት 16 ሌሊት ያልተጠበቀ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጩኸት ንግግር አያሰማም ነበር። መብራትም ጠፋ። በስልክ መብራት ወደ ዛፉ ልናበራ ስንል እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ከለከሉን። ወፍ በሌሊት ከደነገጠች ተነስታ ትበራለች፤ በጨለማ ደግሞ ወደ ጎጆዋ መመለስ አትችልም አሉ። ስለዚህ ሳናይ አደርን። አንዳችን ቅርንጫፉን በሸራ እንሸፍነው ብሎ ነበር፤ ሌላው መሰላል አምጥቶ ጎጆውን በገመድ ማሰር አሰበ። ሁለቱንም አላደረግንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ሶሓቦች ከአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶቿን እንደወሰዱባትና እናቲቱ እየተርገበገበች ስትመጣ ነቢዩ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት እንዳዘዙ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት በአቡ ዳውድ ዘገባ ተመዝግቧል። ሶሓቦቹ ወፏን ሊጎዱ አስበው አልነበረም ይሆናል፤ ለእሷ ግን ልዩነት የለውም። መሰላላችን ለእኛ እርዳታ ቢሆንም ለእሷ አደጋ ነው። ጠዋት ሴቷ እንደ ነበረች ናት። ጀርባዋ ርሷል፤ ከጎጆዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ባልየው መጣ፣ ተቀየሩ።

አናጢው በቀጠሮው ቀን መጥረቢያውን ይዞ ከች አለ። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁት። "ልጄ፣ ቤት ውስጥ አራስ አለች፤ ወር ስጠኝ" አሉት። ሰውዬው በሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ግራ ተጋባ። ቅርንጫፉን ሲያሳዩት ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን አቆመና ሌላ ቦታ ሥራ እንደያዘ፣ ከወር በኋላ ሲመለስ የእጅ ዋጋ እንደሚጨምር ነገራቸው። እማማ ተከራክረው ተከራክረው ጥቂት አስቀንሰው ተስማሙ። የሁለት ቤት የአንድ ወር ኪራይና ጭማሪው በእሳቸው ኑሮ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለልጃቸውም በስልክ ሲያስረዱ ሰማን። ልጁ በመጀመሪያ እንደ አናጢው ሳቀ፤ ቀጥሎ "የአባባ ዛፍ ነው አይደል?" አለ፤ በዚሁ አለቀ።

የታሪክ ሊቃውንት ስለ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) የሚያወሱት ነገር አለ። ግብፅ ውስጥ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ እስክንድርያ ሊዘምቱ ድንኳን ሲነቀል በድንኳናቸው ላይ ዋኖስ ጎጆ ሠርታ ተገኘች። እሳቸውም ድንኳኑ ለእሷ ሲባል እንዳለ እንዲቆይ አዘዙ። በኋላም በዚያው ድንኳን ዙሪያ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም ፉስጣጥ፣ ድንኳን፣ ተባለ። ዛሬ የካይሮ አካል ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከተሠሩት መስጂዶች የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው የዐምር መስጂድም እዚያው ይገኛል። የእኛ እማማ ይህን ታሪክ አልሰሙም ነበር። ስንነግራቸው "እሱ አሚር ነው፣ ድንኳን ሞልቶታል፤ እኔ ግን ኪራይ ነው የቀረብኝ" ብለው ሳቁብን። ትክክል ናቸው። ድንኳን ያለው ድንኳን ተወ፤ ኪራይ ያላቸው ኪራይ ተዉ።

ጥቅምት 24 ጠዋት ከዛፉ ሥር ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት አገኘን። የተፈለፈለውን ቅርፊት ወላጆቹ ከጎጆው እየወሰዱ ይጥሉታል። ሁለቱም እንቁላሎች ፈልተዋል። ጫጩቶቹ ዐይናቸው ያልተገለጠ፣ ቢጫ ፀጉር የለበሱ፣ ከሥጋ ቁራጭ ብዙም የማይለዩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያየነው ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ነው፦ ዋኖስ ልጆቿን ወተት ታጠባለች። እናቲቱ ብቻ አይደለችም፤ አባትየውም። በእርግብና በዋኖስ ወገን በሁለቱም ወላጆች ማንቁርት ውስጥ ያለው ሽፋን በመፈልፈያው ሰሞን ወፍሮ እርጎ የመሰለ፣ ፕሮቲንና ቅባት የበዛበት ምግብ ያመነጫል። ጫጩቷ አፏን በወላጇ አፍ ውስጥ ከትታ ትመገባለች። ይህን የሚያዘው ሆርሞን ፕሮላክቲን ነው፤ የሰው እናት ጡት እንዲያግት የሚያደርገው ያው ሆርሞን። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለይተው ስም የሰጡት በዚሁ በእርግብ ማንቁርት ላይ ባደረጉት ምርመራ ነው። የጤና ተማሪ እህትና ወንድሞቻችን ስሙን ለፈተና ሸምድዳችሁታል፤ ሥራውን ለማየት ግን ከመስኮት ቀና ማለት ይበቃል። ሱብሐነላህ! ጭራሮ ያመላለሰው፣ የቀኑን ፈረቃ የታቀፈው አባት አሁን ደግሞ በማጥባቱም ተራ ገባ።

ሰባተኛው ቀን ላይ አንዱ ጫጩት የለም። ጠዋት ቁራ ከጣሪያው ሲነሳ አይተን ነበር፤ ከዚያ በላይ የምናውቀው የለም። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። የምሕንድስናው ልጅ ቁራውን ረግሞ ድንጋይ ሲያነሳ እማማ እጁን ያዙት። "ቁራም ልጅ አለው" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እኛም ቁራ በአደም ልጅ ታሪክ ውስጥ ወንድሙን መቅበር ያላወቀውን ሰው ያስተማረ ወፍ መሆኑን አስታወስን። በሱረቱል አንዓም ውስጥ በሁለት ክንፎቹ የሚበር ሁሉ እንደ እኛው ሕዝብ መሆኑ ሲነገር ዋኖስ ብቻ ተለይታ አልተጠቀሰችም። ወላጆቹ በዚያን ዕለት ምን እንደተሰማቸው አናውቅም። የምናውቀው ደብተሩ ላይ ያለውን ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዱ መጣ፣ ሴቷ ተነሳች፣ የቀረው ጫጩት በላ።

ያን ሰሞን የደባርቁ ወንድማችንን ጉዳይ እንደገና አነሳነው። አባቱን ማዳን የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ያ የአላህ ነው። ሳምንቱን መከፋፈል ግን የእኛ ነው። ወረቀት አውጥተን ተራ ጻፍን። መንገድ ክፍት በሆነ ሳምንት ጁሙዓ ከሰገደ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሑድ ወይም ሰኞ ይመለሳል። የማብሰል ተራው ለሦስታችን ተከፈለ፤ የውሃውም እንዲሁ። ከክፍሉ ልጆች ሁለቱ ማስታወሻ ሊይዙለት ተስማሙ፤ አንደኛው ሙስሊም አይደለም፣ ጉዳዩን ሲሰማ ግን ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣ እሱ ነው። ከጀመዓችን ስማቸው እንዳይነሳ የጠየቁ ወንድሞች የመኪና ሒሳቡን ሸፈኑ። ከደባርቅም ዜና መጣ። የመንደሩ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል በደቦ ወጥቶ የአባቱን ገብስ በሁለት ቀን አጭዶ ከመረው። ነገሩ ለገበሬ አዲስ አይደለም። ደቦና ወንፈል ማለት፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሥራ አገሩ በተራ እንዲሸከመው የተሠራ ሥርዓት ነው። ከተማ ገብተን፣ ዶርም ተከፋፍለን፣ ውጤት ለየግል ሲሆን ነው የረሳነው።

ፎርሙ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ አለ። አባቱ አልዳኑም፤ አልባሰባቸውምም። ወንድማችን ግን ሚድ ፈተናውን ተቀምጧል። ውጤቱ እንደ አምናው ባይሆንም አልፏል። ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ከእኛ የሚጠበቀው የዚህን ሳምንት ተራ መሙላት ነው።

ስለ ተወኩል ስንማር ሁላችንም የምንሰማው የወፎች ሐዲስ አለ። ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። በአላህ ላይ በትክክል ብንመካ ጠዋት በረሃብ ወጥተው ማታ ጠግበው ለሚመለሱት ወፎች እንደሚሰጣቸው ለእኛም ሲሳይን እንደሚሰጠን ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ የምናነሳው ሲሳይ አይቀርም ለማለት ነው። ሊቃውንት ደግሞ ወፎቹ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው እንዳልጠበቁ፣ ወጥተው እንደፈለጉ ያሳስቡናል። እኛ ከመስኮታችን ሆነን አንድ ነገር አስተዋልን፦ አንዷ ወፍ በጠዋት መውጣት የምትችለው ሌላው ስለገባ ነው። የምትለቅመውን ፍለጋ የምትበረው ወፍ በአላህ ትመካለች፤ አላህ ደግሞ ለእንቁላሎቿ ሰበብ ያደረገው ባሏን ነው። ከእኛ መሐል አንዱ አባቱን ለመጠየቅ መውጣት ሲኖርበት ሰበቡ ማን ይሁን? ጥያቄው ለእያንዳንዳችን ነው።

የቀረው ጫጩት ኅዳር 10 ከጎጆው ወጥቶ ቅርንጫፉ ላይ ቆመ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። በማግስቱ ከዙህር በኋላ እስከ ጎረቤት ጣሪያ ድረስ በረረ፤ አበራሩ የሚያምር አልነበረም፤ ደረሰ ግን። አባትየው ለጥቂት ቀናት እየተከተለ ሲመግበው አይተናል። አናጢው በወሩ መጥቶ ቅርንጫፉን ቆረጠ። ጎጆውን ቀስ ብለን አወረድነው። ከሥሩ የነበረው ስስ ጭራሮ የጫጩቶቹ ኩስ ደርቆበት እንደ ሲሚንቶ ተያይዟል፤ ስንነቀንቀው አልፈረሰም። የምሕንድስናው ልጅ አገላብጦ አየውና "አሁን ርክክብ ያልፋል" አለ። ከቅርንጫፉ እማማ ለማጠኛ የሚሆናቸውን ወሰዱ፤ ለእኛም የዓመት መፋቂያ ተረፈን። ግንዱና የቀሩት ቅርንጫፎች በቦታቸው ናቸው። ሰርቪሶቹ እየተሠሩ ነው፤ ከመካከላችሁ ተከራይ የሚፈልግ ካለ እማማ ሙስሊም ተማሪ ቢሆን ደስ ይላቸዋል፤ ዋጋው ላይ ግን አይደራደሩም።

ሁለት ነገር ብለን እናብቃ። አንደኛ፣ በማራኪም ሆነ በቴዎድሮስ ግቢ ከዶርማችሁ መስኮት ወይም ከምታነቡበት ዛፍ ላይ ጎጆ ካያችሁ አትንኩት፤ በሌሊት መብራት አታብሩበት፤ ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፉን አትጎትቱ። ዛፍ የሚከረክሙ ሠራተኞችን ካያችሁ ደግሞ በአክብሮት አሳዩአቸው፤ አብዛኞቹ ከነገሯቸው አንድ ወር ይታገሣሉ።

ሁለተኛ፣ ከአጠገባችሁ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛውን ወንድም ወይም እህት ጠይቁ። የዊዝድሮው ፎርም በመሳቢያው ያስቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይናገርም። ከተናገረ ደግሞ "አላህ ያግዝህ" ብላችሁ ዱዓ አድርጉለትና ወረቀት አውጡ። የማብሰሉን፣ የማስታወሻውን፣ የሒሳቡን፣ ስልክ የመደወሉን ተራ ጻፉ፤ ስማችሁንም ከላይ አስፍሩ። በእኛ ቤት ይህ ወረቀት በሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። የዚህ ሳምንት ሽሮ የምሕንድስናው ልጅ ተራ ነው፤ ዱዓችሁ ለእኛም ያስፈልገናል።